የተቆረጠው ፉጨት

ሴፕቴምበር 6 ቀን 1942፣ እሑድ

ዛሬ አሥራ አንድ በጎች ሞቱብን። ሁሉም ሊወልዱ የደረሱ ነበሩ።

ከላይኛው መስክ ስናወርዳቸው ሚጅ ከኋላ እየነዳች አመጣቻቸው። አነዳዷ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ማቆም ላይ ነው። ጎርፍ የቦረቦረው ገደል አጠገብ ሲደርሱ ቆማ መንገዱን ልትለቅላቸው ይገባ ነበር፤ ዝም ብላ ገፋች። እኔ ጮኽኩ፣ አባዬ ጮኸ፣ ድምፃችንን ነፋስ ወሰደው። የፊቶቹ ገደሉ ውስጥ ገቡ፣ የኋላዎቹ ላያቸው ላይ ወጡ። ጎትተን ስናወጣ ከታች የነበሩት ታፍነው አልቀዋል።

ሚጅ የወንድሜ የዴዝ ውሻ ናት። ዴዝ በፌብሩወሪ ወታደር ሆነ፤ አሁን ባሕር ማዶ ኒው ጊኒ ውጊያ ላይ ነው። የአባዬ ሽማግሌ ውሻ ለጥንቸል የተጣለ መርዝ በልቶ ስለሞተ የቀረችን እሷ ብቻ ናት። ዴዝ ያስለመዳት በፉጨት ነው። «እዚህ አገር ነፋስ ቃል ይበላል» ይል ነበር። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አንድ ዓይነት ሲያፏጭ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ሌላ ሲያፏጭ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛውን ሲያፏጭ ባለችበት ሆዷ ላይ ልጥፍ ትላለች። ግራና ቀኙን እኔም እችላለሁ። ሦስተኛውን ግን ስንት ጊዜ ሰምቼው እኔ ሳፏጨው ጆሮዋን እንኳ አታነሳም።

በቃል የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራ ሲያልቅ ዴዝ «በቃሽ» ይላታል፤ ያኔ መጥታ እግሩ ሥር ትቀመጣለች። እሱ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ያላት ሰው የለም። እማዬ «ሲመጣ ራሱ ይላታል» ብላ ከልክላለች። ስለዚህ ሥራው ካለቀ በኋላም ሚጅ እስኪጨልም የበረቱ በር ላይ ትቆማለች።

አባዬ የሞቱትን ቆዳ ገፈፈ። በመጨረሻ ቢላዋውን ጠርጎ፣ «እስከ መሸለቻው ጊዜ እታገሣለሁ። ያኔ ዘጠኝ መቶ በግ በዚህ ገደል አጠገብ ያልፋል። ካላቆመች እተኩሳለሁ» አለ።

«እሷን?»

«እሷን እንጂ ማንን? ንጉሡን?»

ሴፕቴምበር 7

ትምህርት ቤት፣ በእረፍት ሰዓት። ለዴዝ ጻፍኩ። ስለ አሥራ አንዱ ነገርኩት። ሦስተኛውን ፉጨት በጽሑፍ እንዲልክልኝ ለመንኩት፤ ምላስ የት፣ ጣት የት፣ ስንት ረጅም፣ ስንት አጭር። ወይዘሮ ፓስኮ ፖስታ ቤቱን ሳይዘጉ ደረስኩ። መሄጃው ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ መልሱ በአውሮፕላን ስለሚመጣ ይፈጥናል አሉኝ።

ሴፕቴምበር 15

ፖስታ ቤት ውስጥ ጎረቤታችንን ሚስተር ታሊን አገኘኋቸው።

«ኔቪል፣ አባትህ እርጉዝ በግ በገደል እየጣለ ነው አሉ። አዲስ ዘዴ ነው?»

«ውሻዋ አላቆም ብላ ነው።»

«ውሻዋን ለጦሩ፣ ዴዝን ለእርሻው ብታስቀሩ ይሻላችሁ ነበር። እሷ እንደሆነ ወደ ኋላ አትልም።»

ወይዘሮ ፓስኮ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ በኃይል መቱና፣ «ሚስተር ታሊ፣ ትንባሆዎን ከወሰዱ በሩ ያው» አሉ።

ሚስተር ታሊ ሲወጡ ለሌላ ሰው ሲናገሩ ሰማሁ፤ ዴዝ የገበሬ ልጅ ነኝ ብሎ ፎርም ቢሞላ ኖሮ መቅረት ይችል ነበር። እውነት ነው። ፎርሙን አባዬ አምጥቶለት ነበር፤ ዴዝ የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠበት።

ሴፕቴምበር 22

በጎቹ እየወለዱ ነው። ዝናብ ከበረዶ ጋር። ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ዘጠኝ ግልገል ምድጃ አጠገብ። አራት ተርፈዋል።

ሴፕቴምበር 27

እማዬ ለዴዝ ኬክ ጋገረች። ስኳር ለማጠራቀም እኔና አባዬ ሻይ ያለ ስኳር ስንጠጣ ከርመናል። በቆርቆሮ ዕቃ ከተተችው፣ አባዬ ክዳኑን በየደው፣ ከዚያ በጨርቅ ሰፋችው። አድራሻውን ጨርቁ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቁልቁል ስለሄደብኝ እማዬ «ሰክረህ ነው የጻፍከው?» አለችኝ። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ኦክቶበር 10፣ ቅዳሜ

የዴዝ ደብዳቤ መጣ። ከነቀዳዳው።

ለየብቻ የጻፈልን የለም፤ ሁላችንም በአንድ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ያጥራቸዋል። ከላይ ስለ ጭቃው ነው። «እዚህ የሚዘንበው ለአንድ ዓመት የሚበቃን ነው፤ ቢቻል በማሰሮ እልክላችሁ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል፤ «ኔቭ፣ ፉጨቱ ቀላል ነው። አንተ የምትሳሳተው መጨረሻው ላይ ይመስለኛል። እንዲህ ነው፦» ይልና ወረቀቱ ያልቃል። አራት ማዕዘን ቀዳዳ። ደብዳቤ የሚመረምረው ሳንሱር በምላጭ ነው የቆረጠው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ከቀዳዳው በታች «ለአንድ ሳምንት ተለማመድ፣ ትችለዋለህ» ይላል።

ነጥብና ሰረዝ አድርጎ ጽፎት መሆን አለበት። የሚስጥር መልእክት መስሏቸዋል።

ክፉው ነገር ደግሞ ወረቀቱ በሁለቱም በኩል የተጻፈ ነው። በጀርባው ላይ «ለእማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ፣» ይላል፣ ቀዳዳው ይመጣል፣ ከዚያ «ስለዚህ አታስቢ» ይላል። የእኔን ሲቆርጡ የሷንም ቆረጡት። እማዬ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አንስታ በቀዳዳው ወደ ውጭ አየች።

«ምን ሊለኝ ይሆን?» አለች።

አባዬ «አታስቢ ብሏል እኮ» አላት።

«የማላስበው ምኑን እንደሆነ ሳላውቅ?»

ኦክቶበር 11

ለዴዝ ጻፍኩ። አጭር ነው። ቃሉ ይኸው፣ አልረሳውም፦ «የላክህልኝ ቀዳዳ በደኅና ደርሶኛል። አባዬ ሚጅን ሊገድላት ነው። አንተ ከጓደኞችህ ጋር በሞቃት አገር ትንሸራሸራለህ፣ ሥራው እኛ ላይ ወድቋል። ፎርሙን ፈርመህ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።» ስሜን ብቻ ጻፍኩ፣ ሰላምታ የለውም።

ኦክቶበር 12

ላክሁት። ወይዘሮ ፓስኮ ከረጢቱ ውስጥ ሲጥሉት መልሱልኝ ልል ነበር። ከኋላዬ ሰው ነበር።

ኦክቶበር 18

የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። ስለ ኬኩ፣ ስለ አራቱ ግልገሎች፣ ሚጅ ደኅና መሆኗን። ነገ ይሄዳል። በአንድ ሳምንት ነው የሚቀድመው ያኛው። መርከብ ሊዘገይ ይችላል፣ አብረው ሊደርሱ ይችላሉ።

ኦክቶበር 24

ከበረቱ ኋላ አንድ ሰዓት አፏጨሁ። ረጅም፤ ረጅምና አጭር፤ ወደ ላይ የሚወጣ፤ ወደ ታች የሚወርድ። ሚጅ ተቀምጣ ታየኛለች። ከንፈሬ አብጧል። እማዬ ሾርባውን እንዴት እንደምጠጣ አይታ «ሴት ልጅ ስመህ ነው?» አለችኝ።

ኖቬምበር 3

ሸላቾቹ በጊዜው አይመጡም። ግማሾቹ ጦር ውስጥ ናቸው፣ የቀሩት አራት ሽማግሌዎች እየዞሩ ነው የሚሸልቱት። የእኛ ተራ ጃንዩወሪ ላይ። ለሚጅ ሁለት ወር ተጨመረላት። ለአባዬ ግን ከባድ ነው፤ ጠጉር የተሸከመ በግ በበጋ ትል ይይዘዋል።

ኖቬምበር 17፣ ማክሰኞ

የአልጀብራ ፈተና ነበር። የምንፈተነው ሦስት ነን። በሦስት ሰዓት ጀመርን።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ቀና ስል ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል። መንገዱ ማዶ ነው፣ ከወንበሬ ይታያል። ወይዘሮ ፓስኮ በሥራ ቀን፣ በጠዋት ፖስታ ቤት ዘግተው አያውቁም። ከዚያ እሳቸው መንገዱን ተሻግረው መጡ፤ ኮፍያ አድርገዋል። መምህራችን ሚስ ኩዊልቲ ወጥታ በሩ ላይ አነጋገረቻቸው። ሁለቱም ወደ ውስጥ ተመለከቱ፣ ማንን እንደሆነ እንዳይታወቅ ወዲያው ዞሩ። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ ወንድም የለውም። ሌላዋ ተፈታኝ ቤቲ ያሏት እህቶች ናቸው። ወይዘሮ ፓስኮ ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ሠራሁት። አርባ ደቂቃ ይቀረኝ ነበር። ተመልሼ ከመጀመሪያው አረጋገጥኩ። ትክክል ነው። ሁለተኛ አረጋገጥኩ። ሦስተኛ አረጋገጥኩ። ሌሎቹ ሁለቱ ሰጥተው ወጡ። ሚስ ኩዊልቲ ጨርስ አላለችኝም። ሰዓቱ ሞላና ሞላ አላለችም፤ አሥር ደቂቃ ጨምሬ ተቀመጥኩ።

ስወጣ ወይዘሮ ፓስኮ ተነሡ። «ኔቪል፣ ፈረስህን ከኔ ጋሪ ኋላ እሰረው። አብረን ነው የምንሄደው» አሉ።

«ቆስሎ ነው?»

«እናትህ ቀድማ መስማት አለባት፣ ልጄ።»

ስለዚህ መልሱን አወቅኩት። ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። በመንገድ ላይ ፈተናው እንዴት ነበር አሉኝ፣ ቀላል ነበር አልኳቸው።

ኖቬምበር 18

ቴሌግራሙ እንዲህ ይላል፤ ኖቬምበር 8 ቀን በውጊያ ተገደለ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ይህን ቴሌግራሙ አይልም።

ኖቬምበር 21

ሰው ይመጣል። ሁሉም የሚበላ ይዞ። ሚስተር ታሊ አንድ ሙሉ ሙክት አርደው አመጡ፣ በሩ ላይ አስቀምጠው ሳይገቡ ሄዱ። አባዬ ደህና የነበረውን አጥር ነቅሎ እንደገና እየተከለ ነው። እረዳዋለሁ። እሱ ቆፍር ሲለኝ እቆፍራለሁ።

ኖቬምበር 29

መተኛት አልቻልኩም፣ ልጻፍ።

ዛሬ እማዬ ልብሱን አውጥታ አጥባ፣ ተኩሳ፣ መልሳ አስገባችው። አባዬ ጠመንጃውን ሲወለውል «ለምንድን ነው?» አለችው። «ለቀበሮ» አላት። ስለ ሚጅ ማንም አላነሣም፤ ያ ግን አባዬ ቃሉን ተወ ማለት አይደለም። አውቀዋለሁ።

ቀኖቹን ደጋግሜ እያሰላሁ ነው። ክፉው ደብዳቤ ኦክቶበር 12 ሄደ። ሦስት ሳምንት ከፈጀ ኖቬምበር 2 ደርሶታል። አራት ሳምንት ከፈጀ አልደረሰውም። የይቅርታው ኦክቶበር 19 ሄደ፤ በሦስት ሳምንት ኖቬምበር 9 ነው። በአንድ ቀን ዘገየ ማለት ነው። ሚስ ኩዊልቲ በሒሳብ ጎበዝ ነህ ትለኛለች።

ያልደረሰ ደብዳቤ እንደሚመለስ ወይዘሮ ፓስኮን ጠይቄያለሁ። ይመለሳል፣ ጊዜ ይወስዳል አሉ። ሁለቱም ቢመለሱ ደስ ይለኛል። ደስ ይለኛል የሚለው ቃል እዚህ አይገባም፣ ሌላ ግን አላገኘሁም።

ሚጅ አሁንም በረቱ በር ላይ ናት። ከዚህ ይታየኛል።

ዲሴምበር 14

አንዱ ተመለሰ። ፖስታው ላይ በቀይ እርሳስ «ተገድሏል» ተብሎ የማላውቀው ሰው ፈርሟል። አልተከፈተም። የይቅርታው ነው።

ዲሴምበር 19

ሌላ የለም።

ዲሴምበር 22

የለም። ወይዘሮ ፓስኮ ሳልጠይቃቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ዲሴምበር 25

በግ በላን። አባዬ ጸሎት ጀምሮ ተወው፣ እማዬ ጨረሰችው።

ጃንዩወሪ 9 ቀን 1943፣ ቅዳሜ

በፖስታ መኪናው ላይ አንድ ወታደር መጣ። ቀጭን፣ በዚህ ሙቀት ካፖርት የለበሰ። በሩ ላይ ሆኖ «የሄስሎፖች ቤት ነው?» አለ። «ቬርን እባላለሁ። የዴዝ ጓደኛ። ወባ ይዞኝ ነው የለቀቁኝ፣ አይተላለፍም፣ አትፍሩ።»

እማዬ ወንበር ሰጠችው። ሲድኒ ውስጥ የትራም ቲኬት ቆራጭ ነበር። ግልገሎቹን አይቶ «እነዚህ ፍየሎች ናቸው?» አለ። አባዬ ቆይቶ «በጎች ናቸው» አለው።

«እናቴ፣ ኬክሽን የበላነው እኛ ነን» አላት። «ዴዝ ከሄደ በኋላ ነው የደረሰው። እንዲህ ነው ደንቡ፤ ባለቤቱ ከሌለ ጓደኞቹ ይከፋፈሉታል። አንድ ፍርፋሪ አላስቀረንም፣ ይቅርታ።»

«ደርቆ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ስድስት ሰው አልቅሶ ነው የበላው፣ እርጥብ ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቀዳዳው ደርሶኛል ያልከው አንተ ነህ?»

ፊቴ ጋለ። አባዬና እማዬ ስለዚያ ደብዳቤ አያውቁም። «ደርሶት ነበር?» አልኩ።

«ደረሰው እንጂ! ለሁላችንም አነበበልን። እኔ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ እንባው እስኪፈስ። ወረቀቱን ይዞ መቶ አለቃችን ጋ ሄደ፣ የቆረጠው እሱ ነበራ። ‹ጌታዬ፣ የጻፍኩት እኮ ለውሻ ነው› አለው። መቶ አለቃው ደግሞ ‹ውሻዋስ ለማን እንደምትናገር በምን አውቃለሁ?› አለው።»

«ስለ ፎርሙ ያልኩትንም አነበበ?»

ቬርን ትንሽ አሰበ። «የምን ፎርም? እሱን አልሰማሁም» አለ። ዘሎት ይሆናል። ወይም ቬርን ነው አሁን የዘለለው።

«ከዚያ ሁላችንን አሰለፈና አስተማረን» አለ። «‹ከንፈር ሊቆርጡ አይችሉም። መጀመሪያ አገሩ የሚገባ ሰው ሄዶ ለኔቭ ያፏጭለታል› አለ። አራት ቀን ሙሉ ሲያፏጭ እኛ ጭቃ ላይ ስንተኛ ነበር፤ ተኝተን ካላየን አይዘልቀንም ብሎ። ሻይ ልቅዳ ብዬ ስነሣ ያፏጫል፣ ከነጣሳዬ እወድቃለሁ። እኔን ነው በመጀመሪያ አገር ያስገቡኝ። ስለዚህ ይኸው።»

ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከተተ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ወጣ፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ወርዶ በድንገት የሚቆረጥ። እኔ መጨረሻውን አንጠለጥለው ነበር። ስህተቴ እሱ ነው። ይቆረጣል።

ውጭ ከውኃ ታንኩ ሥር የነበረችው ሚጅ ሆዷ ላይ ልጥፍ አለች። ቆይታ ተነሣች፣ ወደ ቤቱ አልመጣችም፣ ወደ መንገዱ በር ሮጣ ሽቦው አጠገብ ቆማ መንገዱን ታይ ጀመር። እማዬ ወደ ጓዳ ገባች።

በኋላ አባዬ ከቬርን ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። አባዬ «እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«ከሰው የሚረዝም ሣር ውስጥ ነበርን። ዴዝ ከፊት ነው። መትረየሱን ያየው እሱ ብቻ ነው። ቢጮህ ኖሮ ማን ጮኸ፣ ምን አለ ስንል እናልቅ ነበር። አፏጨ። ዘጠኝ ሰው ባለበት ተኛ፣ ሚስተር ሄስሎፕ፣ ሳናስብ። ዘጠኛችንም አለን።»

«እሱ አልተኛም?»

«ጣቶቹ አፉ ውስጥ ነበሩ» አለ ቬርን።

እማዬ ተመልሳ መጥታ ደብዳቤውን በጀርባው አሳየችው፤ እዚህ ቀዳዳው ላይ ምን ሊለኝ እንደነበረ ነግሮህ ይሆን አለችው። ቬርን ረጅም ጊዜ አየው። «አላውቅም፣ እናቴ። ባውቅ እነግርሽ ነበር» አላት። ውሸት ፈጥሮ ሊነግራት ይችል ነበር። ስላልፈጠረ ወደድኩት።

ጃንዩወሪ 10

ቬርን በፖስታ መኪናው ሄደ። ቀኑን ሙሉ አፏጨሁ። ማታ ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወጣልኝ።

ፉጨቱን ባልጠይቀው ኖሮ አያስተምራቸውም ነበር። ባያስተምራቸው አያፏጭም ነበር። ያኔ ዘጠኙስ? ይህን ሒሳብ ጀመርኩትና ተውኩት።

ጃንዩወሪ 11፣ ሰኞ

ሸላቾቹ ነገ ይመጣሉ፣ ስለዚህ ዛሬ ዘጠኝ መቶውን አወረድን። አባዬ ጠመንጃውን ኮርቻው ላይ አሰረ። እኔም አየሁት፣ እሱም እንዳየሁት አየ።

ሚጅ ግራና ቀኙን በእኔ ፉጨት ሠራች፣ ሁሉንም ሰብስባ አመጣች። ነፋስ ነበር። ገደሉ ጋ ሲቃረቡ የፊቶቹ መሮጥ ጀመሩ። ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ፣ አፌ ደርቋል፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። አባዬ ከፈረሱ ወረደ። እንደገና ሞከርኩ፤ ወጣ፣ ግን ቀጠነ። ሚጅ አልቆመችም። ከንፈሬን ላስኩ። ቬርን ወድቆ ሻዩ ሲደፋ በዓይኔ መጣብኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አፏጨሁ፣ መጨረሻው ላይ ቆረጥኩት።

ሣሩ ውስጥ ገባችና አልታይ አለችኝ። ተኝታለች። በጎቹ የሚገፋቸው ሲያጡ ቀዘቀዙ፣ የፊቶቹ ገደሉን አሽትተው ዞሩ፣ በጠባቡ መንገድ አንድ በአንድ ወረዱ። አንድም አልወደቀም። በረት እስኪገቡ ድረስ አራት ጊዜ አስቆምኳት፣ አራቱንም ቆመች።

አባዬ ጠመንጃውን ከኮርቻው ፈታ። ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

የበረቱን በር ልዘጋ ስል ሚጅ እንደ ሁልጊዜዋ እዚያው ቆማ ነበር። አባዬ በአጠገቧ አለፈ፣ ጥቂት ሄደ፣ ተመለሰ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቃሽ» አላት።

አየችው። ቆይታ መጣችና እግሩ ሥር ተቀመጠች። አባዬ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋን ያዘ፣ እንደያዘ አልተነሣም፣ ትከሻው ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የበሩን ሰንሰለት አሰርኩ። ፈታሁት። እንደገና አሰርኩ። ሦስተኛም ፈትቼ አሰርኩት። ደህና ነበር የታሰረው።